ሕንፃውስ ተሠራ፤ ሰዉስ?

ይድረስ፦ ለዋሽንግተን ዲሲ ከተማ ምክር ቤት፣ ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት እና ለከተማዋ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ባለአደራ ቦርድ

ግልባጭ፦ አማርኛ ለምንናገር የከተማዋና የአካባቢዋ ነዋሪዎች

ጉዳዩ፦ በየሠፈሩ ቤተ መጻሕፍት ለሚመደቡ ሶሻል ወርከሮች (የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች) ቋሚ በጀት ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የምክር ቤትና የቦርድ አባላት፣

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት እንግሊዝኛ ቸግሮኝ አይደለም። በ2004 ያወጣችሁት የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ ተናጋሪው ነዋሪ ከከተማው መሥሪያ ቤቶች ጋር በገዛ ቋንቋው እንዲገለገል መብት ሰጥቶታል፤ በመብቴ ልጠቀም ብዬ ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በዚሁ አገር አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) ወረቀቱ እጃችሁ ሲገባ “ይህን ደግሞ ማን ያንብብልን?” ብላችሁ ዞር ዞር ካላችሁ አልቀየማችሁም። አንዲት እናት የፉድ ስታምፕ (የምግብ እርዳታ) ማደሻ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ሲደርሳቸው የሚሰማቸው ይኸው ነውና። ልዩነቱ እናንተ አስተርጓሚ የምትጠሩበት ስልክ ጠረጴዛችሁ ላይ መኖሩ ነው።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ከተማችን 26 የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አሏት። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ነዋሪዎች በሚበዙባቸው ሠፈሮች ባሉት ላይ ፈቃድ ያላቸው ሶሻል ወርከሮች ይመደቡ። ደመወዛቸውም በእርዳታ ገንዘብ ሳይሆን በከተማዋ በራሷ ዓመታዊ በጀት ይያዝ። ከመካከላቸው አማርኛ የሚናገሩ ይኑሩበት።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ወመዘክር ወይም አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲባል የሚታየው ለፈተና የሚያጠና ተማሪ ነው። ቤተ መጻሕፍት ለኛ የተማሪ ቦታ ነው፤ ሥራ ያለው ሰው የማይቀመጥበት፣ ችግር ያለበት ሰውማ ጭራሽ የማይመጣበት። ስለዚህ ብዙዎቻችን እዚህ አገር ከመጣን በኋላም በደጁ እያለፍን ወደ ውስጥ ሳንዘልቅ ዓመታት እንቆያለን። የገባ ሰው የሚያየው ግን ሌላ ነው። ኮምፒዩተር ጋ የተቀመጠው ሰውዬ ልቦለድ እያነበበ አይደለም፤ የሜዲኬይድ (የመንግሥት ጤና መድን) አካውንቱ የይለፍ ቃል ጠፍቶበት ሰዓቱ ሳያልቅ ለመግባት እየታገለ ነው። ማተሚያው ጋ የተሰለፈችው ሴት የቤት ማስለቀቂያ መጥሪያዋን ከስልኳ አውጥታ ልታትም ነው። ጥግ ላይ ሻንጣውን በእግሩ መሐል አጥብቆ ይዞ የሚያንቀላፋው ከሸልተር በጠዋት የወጣ ነው። ሁሉም መጨረሻ ላይ የሚሄዱት ወደ አንድ ሰው ነው፤ ወደ ላይብረሪያኑ።

ላይብረሪያኗ መጽሐፍ ለማግኘት፣ መረጃ ለመፈተሽ፣ ለሕፃናት ተረት ለማንበብ ተምራለች። “ዛሬ ማታ የት ልደር?” ለሚል ጥያቄ ግን ማንም አላሠለጠናትም። የምትችለውን ታደርጋለች፤ የስልክ ቁጥሮች ዝርዝር አትማ ትሰጣለች። ቁጥሩ ሲደወል የተቀዳ ድምፅ ይመልሳል፤ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎም በስፓኒሽ። አማርኛው ስንተኛ ቁጥር ሲጫኑ እንደሚገኝ ለማወቅ እንግሊዝኛውን መስማት ያስፈልጋል። ሰውዬው ዝርዝሩን አጥፎ ኪሱ ከትቶ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። በማግስቱም ያው ጥያቄ፣ ያው ዝርዝር።

“ለዚህ እኮ ሌላ መሥሪያ ቤት አለ” እንደምትሉ አውቃለሁ። አለ። ነገር ግን ሰው ለምን ወደ እርዳታ ማእከሉ ሳይሆን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ እንደሚመጣ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እርዳታ ማእከሉ በር ላይ መታወቂያ ይጠየቃል፣ ቁጥር ይቆረጣል፣ ገና ከመቀመጡ “ገቢህ ስንት ነው? ከማን ጋር ትኖራለህ?” ይባላል። ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ የሚጠይቀው የለም። በከተማዋ ውስጥ ምንም ሳይገዙ፣ ምንም ሳያስረዱ፣ ለማንም ሳይሰግዱ በክረምት ሙቀት በበጋ ቅዝቃዜ የሚገኝበት ቤት ይኸው ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የተጨነቀ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደማይፈራው ቦታ ነው።

ይህ ክፍት በር ደግሞ በነፃ የተገኘ አይደለም። በ1903 በካርኔጊ ገንዘብ ማውንት ቬርነን አደባባይ ላይ የተከፈተው ዋና ቤተ መጻሕፍት ጥቁርና ነጭ በአንድ በር ከሚገቡባቸው ጥቂት የከተማዋ ሕንፃዎች አንዱ ነበር፤ ዛሬ አፕል ስልክ ይሸጥበታል። ዋናው ቤተ መጻሕፍት በ1972 ወደ ማርቲን ሉተር ኪንግ ሕንፃ ተዛወረ። በ1993 ክረምት አንድ ቤት የለሽ ሰው ወደዚያ ሊገባ ሲል “አለባበስህ ደስ አይልም” በሚል ደንብ ከበር ተመለሰ። ሰውዬው ከሰሰ። የፌዴራሉ ፍርድ ቤት በ2001 ደንቡ ግልጽነት የሌለውና ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ብሎ ፈረደ። ከዚያ ወዲህ የከተማችን ቤተ መጻሕፍት ሰውን አለባበስህ ደስ አላለኝም ብሎ ከበር አይመልስም።

ፍርዱ በሩን ከፈተ፤ የገባውን ሰው ማን ተቀብሎ ያነጋግር የሚለውን ግን አልመለሰም፤ የፍርድ ቤት ሥራም አይደለም። የእናንተ ሥራ ነው።

መልሱን ቀድማ የሞከረችው ሳን ፍራንሲስኮ ናት። በ2009 ሊያ ኤስጌራ የምትባል ባለሙያ በከተማው ጤና ቢሮ በኩል በዋናው ቤተ መጻሕፍት ተመደበች፤ በዚህ አገር በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሙሉ ጊዜዋን የምትሠራ የመጀመሪያዋ ሶሻል ወርከር መሆኗ ነው። ከእሷ ሥራ እኔን የሚገርመኝ ቢሮዋ ቁጭ ብላ አለመጠበቋ ነው። ወለል ለወለል እየዞረች ሰዎችን በስማቸው እየጠራች ታነጋግራለች። ከጎኗ የሚሠሩ ረዳቶችም ተቀጠሩ። እነዚህ ራሳቸው ቤት አጥተው የነበሩ፣ በኋላ መጠለያ አግኝተው የተቋቋሙ ሰዎች ናቸው። መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ሸሚዙን የሚያጥበውን ሰው ጥበቃ ከመጥራት በፊት ሄደው “ልብስ የሚታጠብበት ቦታ ላሳይህ?” ይሉታል። ይህን ማለት የሚችለው እዚያ መታጠቢያ ላይ አንድ ቀን የቆመ ሰው ነው።

እናንተም ወደኋላ አልቀራችሁም። የዲሲ ቤተ መጻሕፍት በ2014 የጤናና የማኅበራዊ አገልግሎት አስተባባሪ የሆነች ሶሻል ወርከር ቀጠረ፤ ዴንቨር በ2015 ተከተለች። ይህ መመስገን አለበት፤ ያኔ በመላው አገሪቱ እንዲህ ያደረገ ከተማ በጣት የሚቆጠር ነበር። ግን አንድ አስተባባሪ ለ26 ቤት ምን ታደርጋለች? ሠራተኛውን ታሠለጥናለች፣ ድርጅቶችን ታገናኛለች፣ ዋናው ሕንፃ ላይ አገልግሎት ታደራጃለች። አናኮስቲያ ወይም ቤልቪው ቤተ መጻሕፍት ላይ ማክሰኞ ከሰዓት የቤት ኪራይ ቫውቸሯ ሊቃጠል ሁለት ቀን የቀራትን እናት ግን በአካል አታገኛትም።

ስለ ሕንፃ ስናወራ ደግሞ ብዙ ሠርታችኋል፤ መካድ አይቻልም። የማርቲን ሉተር ኪንግን ቤተ መጻሕፍት በ211 ሚሊዮን ዶላር አድሳችሁ በ2020 ከፈታችሁት፤ ጣሪያው ላይ የአትክልት ቦታ አለው። በዋርድ 7 እና በዋርድ 8 በ2012 የተከፈቱት የፍራንሲስ ግሪጎሪና የቤልቪው ቤተ መጻሕፍት በዓለም ስሙ የታወቀው ዴቪድ አጃዬ የነደፋቸው ናቸው። የሻው፣ የፔትዎርዝ፣ የዉድሪጅ ቤቶችም ታድሰዋል ወይም እንደ አዲስ ተሠርተዋል። ሌላ ከተማ የሚቀናባቸው ናቸው።

ለምን ለግንብ ገንዘብ ተገኝቶ ለሰው ይጠፋል የሚለውን የበጀት ሰው ሲያስረዳኝ እንዲህ ነው፤ ግንቡ በካፒታል በጀት፣ በብድር ቦንድ፣ በሠላሳ ዓመት የሚከፈል ነው። ደመወዝ ግን ከየዓመቱ የሥራ ማስኬጃ ይወጣል፤ በየዓመቱ ከፖሊስ፣ ከትምህርት ቤት፣ ከመንገድ ጥገና ጋር ይታገላል። ገባኝ። ግን ይህ ስሌት ያልተጻፈ ሌላ ምክንያት አለው፦ ሪባን የሚቆረጥለት ሕንፃ ነው። ለሶሻል ወርከር ቅጥር ሪባን አይቆረጥም፣ ፎቶ አይነሣም፣ ስም በድንጋይ አይቀረጽም። ሥራዋ ከተሳካላት የሚታይ ነገር የለም። የማስለቀቂያ መጥሪያው ይቀራል፤ አምቡላንሱ አይጠራም፤ ሰውዬው ነገ አይመጣም።

አሁን ስለ ወገኖቼ ልናገር። ዘጠነኛው ጎዳናና ዩ ስትሪት ላይ የምግብ ቤቶቻችን ታፔላ አሁንም አለ፤ ተከራዩ ግን ኪራዩ ገፍቶት ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ወርዷል። ከተማው ውስጥ የቀረነው በአብዛኛው ወይ በጊዜ ቤት የገዛ፣ ወይ ኪራይ ቁጥጥር ያለበት አፓርታማ ይዞ የሙጥኝ ያለ፣ ወይ ልጁ ጋ የተጠጋ ነው። ታክሲ ነድተን ልጅ ያሳደግን ሰዎች ኡበር ገበያውን ከወሰደው በኋላ ስልሳን ተሻግረናል። በዲቪ የመጡ መምህራንና ነርሶች ፓርኪንግ ቤት ትኬት ይቆርጣሉ። ጥገኝነት ጠይቀው ወረቀታቸውን ያገኙ፣ ሌሎችም ገና የሚጠብቁ አሉ። ልጆቻቸው ያመጧቸው እናቶችና አባቶች ደግሞ ልጅ ለሥራ ሲወጣ ቤት ተዘግቶባቸው ይውላሉ። ለአረጋውያን በሚሰጠው የኤስኤስአይ ድጎማ እንዳይጦሩ ዜግነት ይጠየቃሉ። ዜግነቱን እንዳያገኙ የእንግሊዝኛ ፈተናው አለ። ፈተናውን በአማርኛ ለመውሰድ የሚያስችለው ደንብ ደግሞ በግሪን ካርድ ብዙ ዓመት መቆየትን ይጠይቃል፤ ለሃምሳ ዓመት ሰው 20፣ ለሃምሳ አምስት ዓመት ሰው 15። በሰባ ዓመታቸው ለመጡ እናት ይህን ማስላት ራሱ ያማል። በሕመም ምክንያት ከፈተናው ነፃ የሚያደርግ ቅጽ እንዳለ የሚያውቅ ከመቶ አንድ ቢገኝ ነው፤ ሐኪም ሞልቶ የሚፈርመው ነው።

አገር ቤት ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ የጽሕፈት መኪናውን ጥላ ሥር ዘርግቶ የሚቀመጥ ራፖር ጸሐፊ ነበር። ባለጉዳይ ችግሩን ይነግረዋል፤ እሱ በመንግሥት ቋንቋ ይጽፍለታል። እዚህ የራፖር ጸሐፊው ወንበር ባዶ ስለሆነ ማንም ይቀመጥበታል። አንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ ነው፤ ቅዳሴ ሲያልቅ ወይም ከጁምዓ ሶላት በኋላ ወረቀት ዘርግቶ የሚሞላ ሰው በየቤተ እምነቱ አለ፤ እግዜር ይስጠው። አንዳንዱ ግን ጠበቃ ሳይሆን እንደ ጠበቃ ገንዘብ የሚቀበል፣ ያልተባለውን የሚጽፍ፣ ከፈረመ በኋላ ስልክ የማያነሣ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ልጅ ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የእናቷን የጡት ምርመራ ውጤት፣ የአባቷን የኪራይ ውዝፍ ደብዳቤ ቁጭ ብላ ትተረጉማለች። ምን ያህሉን ደብቃ ምን ያህሉን እንደምትናገር ማንም አይቆጣጠራትም። ይህች ልጅ ከትምህርት በኋላ የምትውለው ሻው ወይም ፔትዎርዝ ቤተ መጻሕፍት ነው። አጠገቧ አንድ አማርኛ ተናጋሪ ሶሻል ወርከር ብትኖር ኖሮ ያ ደብዳቤ ከልጅቷ ቦርሳ ወጥቶ ወደ አዋቂ እጅ ይገባ ነበር።

ወረቀቱ ደግሞ እየበዛ ነው የሚሄደው። በጁላይ 2025 የጸደቀው የፌዴራል ሕግ ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች ግሪን ካርድ እስኪይዙ ድረስ ፉድ ስታምፕ እንዳያገኙ አደረገ። ይህንኑ እርዳታ ለማግኘት ሥራ መሥራትን የማስረዳት ግዴታ ያለበትን የዕድሜ ጣሪያም እስከ 64 ከፍ አደረገው። ከ2027 መግቢያ ጀምሮ ደግሞ ብዙ የሜዲኬይድ ተጠቃሚዎች በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን ወይም ከግዴታው ነፃ መሆናቸውን ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል። የስልሳ ሁለት ዓመቱን የታክሲ ሹፌር አስቡት። ይሠራል፤ ከማለዳ እስከ ማታ ይሠራል። ግን ሰዓቱን የሚያረጋግጥለት አሠሪ የለውም። ደመወዙ ባንክ አይገባም፤ ግማሹ ጥሬ ገንዘብ ነው። ሕክምናውን ቢያጣ ሥራ ፈት ሆኖ ሳይሆን መሥራቱን በትክክለኛው ቅጽ ላይ፣ በትክክለኛው ቀን አላሳየም ተብሎ ነው። ሕጉን እናንተ አላወጣችሁትም። ሕጉ የሚጥለውን ወረቀት ማን እንደሚያነሣ መወሰን ግን በእጃችሁ ነው።

እዚህ ላይ ከራሳቸው ከላይብረሪያኖቹ የሚመጣውን ተቃውሞ ማለፍ አልችልም፤ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነውና። “ቤተ መጻሕፍት የእርዳታ መሥሪያ ቤት አይደለም፤ መንግሥት ሸልተሩን ዘግቶ፣ የአእምሮ ሕክምናውን ቀንሶ፣ ድንኳኑን አፍርሶ ሁሉንም እኛ ላይ አራገፈው” ይላሉ። እውነታቸውን ነው። በፊላዴልፊያ ኬንሲንግተን ሠፈር ያሉ ላይብረሪያኖች በ2017 ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ሣር ላይ በአደንዛዥ ዕፅ ለወደቁ ሰዎች መድኃኒት እየሰጡ ነፍስ ሲያድኑ አገሩ ሁሉ አጨበጨበላቸው። እኔ ጭብጨባው ደስ አላለኝም። ያ ሠራተኛ የተቀጠረው ለዚያ አልነበረም፤ ማታ ቤቱ ሲገባም ያየውን የሚያወራለት ባለሙያ አልነበረውም። በእኛም ከተማ በኦገስት 2025 የፌዴራሉ መንግሥት የፖሊሱን አዛዥነት ሲወስድና ድንኳኖች ሲነሡ፣ ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው አየር ላይ አልቀረም፤ ቀን የሚውልበት ቦታ ፈለገ።

ግን ከዚህ እውነት የሚወጣው መደምደሚያ “ስለዚህ ሶሻል ወርከር አያስፈልግም” ሳይሆን ተቃራኒው ነው። ሶሻል ወርከር ከሌለች ቤተ መጻሕፍቱ የእርዳታ መሥሪያ ቤት መሆኑ አይቀርም፤ ባልሠለጠነ ሰው፣ ያለ በጀት፣ ያለ ምስጢር ጥበቃ የሚሠራ መሥሪያ ቤት ይሆናል። እሷ ስትመጣ ላይብረሪያኗ ወደ መጽሐፏ ትመለሳለች። ለሕፃናቱ ተረት በምታነብበት ሰዓት ማንም እጇን ይዞ አይጎትታትም።

የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ርካሹን መንገድ እንዳትመርጡ። ርካሹ መንገድ ተለማማጅ ተማሪ ነው፤ በአገሪቱ ብዙ ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀሙበት። ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ከሻው ቤተ መጻሕፍት በእግር የሚደረስ ሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት አለው፤ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲም አለው። ተማሪዎቹ ይምጡ፤ ይማሩ፤ ደስ ይለኛል። ግን ሴፕቴምበር መጥቶ ሜይ የሚሄድ ሰው ላይ እምነት አይገነባም። የኛ ሰው ችግሩን ለመናገር ሦስት ጊዜ ቡና ይጠጣል፤ በአራተኛው “አንድ ነገር ላማክርሽ” ይላል። በአራተኛው ጊዜ ልጅቷ ተመርቃ ሄዳለች፤ አዲስ ልጅ ተቀምጣለች፤ ታሪኩ ከ“ሀ” ይጀመራል። ተለማማጅ የሚጠቅመው ቋሚ ሰው ሲመራው ነው።

ሁለተኛው ርካሽ መንገድ የእርዳታ ገንዘብ ነው። በማርች 2025 ቤተ መጻሕፍትንና ሙዚየሞችን የሚደግፈው የፌዴራል ተቋም እንዲጠብ በፕሬዚዳንት ትዕዛዝ ተወስኖ ሠራተኞቹ በዚያው ወር ማብቂያ ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ ተደርጓል፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ገባ። በዚያ ገንዘብ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ሁሉ አንድ ጠዋት ተነሥቶ ሥራው እንዳለ አያውቅም ነበር ማለት ነው። የከተማ ገንዘብም ቢሆን ዋስትና አይደለም፤ ኒው ዮርክ በ2023 መጨረሻ በበጀት ቅነሳ የእሑድ አገልግሎት ዘግታ በሕዝብ ጩኸት በተከታዩ ዓመት በጋ መለሰችው። ግን የከተማ በጀት ላይ መጮህ ይቻላል። የሚጮኹበት ምክር ቤት አለ፤ እናንተ አላችሁ።

ገንዘብ የለም እንዳትሉኝ አልልም፤ እንደሚጠብ አውቃለሁ። ኮንግረሱ በማርች 2025 የራሳችንን ግብር እንዳናወጣ ከልክሎ በበጀታችሁ ላይ አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ቀዳዳ አድርጎባችኋል፤ ግብር እየከፈልን በኮንግረስ ድምፅ የሌለን ሰዎች መሆናችንን እንደገና አስታወሰን። ስለዚህ ከመጽሐፍ መግዣው ተቀንሶ ይከፈል አልልም፤ የመጽሐፍ ገንዘብ ከተነካ እኔ ራሴ ተቃዋሚ ሆኜ እመጣለሁ። ደመወዙ መምጣት ያለበት ከሰብአዊ አገልግሎት መምሪያውና ከአእምሮ ጤና መምሪያው ነው፤ ሥራው የነሱ ነውና። ወንበሩ ብቻ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ይሁን። አንድ ሰው ከቤቱ ተባርሮ ከነልጆቹ ሸልተር ሲገባ ከተማዋ የምታወጣው ስንት ነው? መምሪያዎቹ ያውቁታል፤ በበጀት ስብሰባው ላይ ጠይቋቸውና ከአንድ ሶሻል ወርከር ደመወዝ ጎን አስቀምጡት።

ስታቋቁሙት ግን ጥንቃቄ ይደረግበት። ሶሻል ወርከሯ የምትሰማው ነገር ከእርዳታ መሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ጋር በራሱ የተያያዘ እንዳይሆን። የከተማችን ሕግ ማን ምን መጽሐፍ እንደተዋሰ የሚያሳየውን መዝገብ ምስጢር ይጠብቃል፤ ማን ምን ችግር እንደተናገረ የሚያሳየው ማስታወሻ ከዚያ ያነሰ ጥበቃ ሊያገኝ አይገባም። በተለይ በዚህ ጊዜ። አንድ ሰው በዚያ ጠረጴዛ የተናገረው ነገር ኢሚግሬሽን ጋ ደረሰ የሚል ወሬ በአንድ ቀን ከዘጠነኛው ጎዳና እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ይዳረሳል፤ ወሬው ሐሰት ቢሆን እንኳ ከዚያ በኋላ የሚቀመጥ ሰው አይኖርም።

ስለ ቋንቋውም ልናገር። “የስልክ አስተርጓሚ አለን” ትላላችሁ። የስልክ አስተርጓሚ ለቀጠሮ ቀን፣ ለአድራሻ ጥሩ ነው። ባሏ የሚመታት ሴት ግን በድምፅ ማጉያ ለማታየው ሰው አትናገርም፤ አስተርጓሚው የሠፈሯ ሰው ቢሆንስ? ሰው ቅጠሩ። የሚቀጠር ሰው አጣን እንዳትሉ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2004 በሶሻል ወርክ የማስተርስ ትምህርት ጀምሯል፤ እዚያ የተማሩና አገር ቤት በዚሁ ሙያ ያገለገሉ ሰዎች ዛሬ በዚህ ከተማ ሌላ ሥራ እየሠሩ ነው። ዲግሪያቸው ተመዝኖ ፈቃድ እስኪያገኙ ድረስ በፈቃድ ባለው ሰው ሥር በረዳትነት ይሥሩ። የሳን ፍራንሲስኮዎቹ ረዳቶች ዲግሪ ተጠይቀው አልነበረም የተቀጠሩት።

ስንት ቤት፣ ስንት ሰው የሚለውን እናንተ ወስኑ። ከአናኮስቲያ ወንዝ በስተምሥራቅ፣ ከዋርድ 7 እና 8 ቢጀመር ወገኖቼ ጥቂት መሆናቸውን እያወቅሁ አልቃወምም፤ ችግሩ የሚበዛው እዚያ ነው። ቀጥሎ ሻውና ፔትዎርዝ ይታዩ። ለአንድ ዓመት ሙከራ ብቻ የሚሆን ከሆነ ግን ባትጀምሩት ይሻላል።

አሁን በግልባጭ ወደ ጠቀስኳችሁ ወገኖቼ። ይህን አንብባችሁ “እውነቱን ነው” ብላችሁ ብቻ አትለፉ። የቤተ መጻሕፍቱ በጀት በየዓመቱ በጸደይ ወራት በምክር ቤቱ ለሕዝብ አስተያየት ይቀርባል፤ አዲሱ የበጀት ዓመት ኦክቶበር 1 ይጀምራል። ማንኛውም ነዋሪ ተመዝግቦ መናገር ይችላል፤ ዜግነት አይጠየቅም። መናገር የሚፈራ ጽፎ ማስገባት ይችላል። አማርኛ አስተርጓሚ አስቀድሞ ከተጠየቀ ማቅረብ የምክር ቤቱ ድርሻ ነው፤ ስለዚህ እንግሊዝኛ የምትችሉትም ብትሆኑ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ጥያቄው ይመዝገብ፤ በሚቀጥለው ዓመት “አማርኛ የጠየቀ አልነበረም” እንዳይባል። የሚሰጣችሁ ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። ፖለቲካ አታውሩበት፤ የትኛው ቤተ መጻሕፍት እንደምትሄዱ፣ ምን ወረቀት ይዛችሁ እንደሄዳችሁ፣ ማን እንደሞላላችሁ፣ ስንት እንደከፈላችሁ ተናገሩ። እናቶች የፉድ ስታምፕ ደብዳቤያችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የልጆቻችሁን የትምህርት ቀን ግን አታበላሹ።

ከአክብሮት ጋር፣

አንድ የከተማዋ ነዋሪና ግብር ከፋይ
ዋሽንግተን ዲሲ